ሲሠራ የሚታይ ማሽን፦ የእንፋሎት ሞተር ዘመኑ ካለፈ በኋላ ለምን ይማርካል?

ባቡር የምንለው ቃል ራሱ እንፋሎት ማለት ነው። ጣልያኖች «ቫፖሬ»፣ ፈረንሳዮች «ቫፐር» የሚሉት እንፋሎትን ሲሆን ቃሉ በዐረብኛ በኩል አልፎ «ባቡር» ሆኖ ደረሰን። አያቶቻችንም እያጓራ የሚሠራውን ማሽን ሁሉ ባቡር አሉት። እህል የሚፈጨው የወፍጮ ባቡር ሆነ፤ በሀዲድ ላይ የሚሄደው ደግሞ ምድር ባቡር ተባለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው መንገድ የሚደመድም የእንፋሎት ተሽከርካሪ እንኳ በባለቤቱ ስም «ሰርኪስ ባቡር» ይባል ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድና አንዲት ጠብታ ውኃ የማያፈላ ነው። ስሙ ግን እንፋሎት እንደሆነ ቀርቷል።

ብሪታንያ በ2025 የዘመናዊውን ባቡር 200ኛ ዓመት አክብራለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልደቱ የተቆጠረው በሰሜን እንግሊዝ ስቶክተንና ዳርሊንግተን የተባሉትን ከተሞች የሚያገናኘው መስመር ከተከፈተበት ከመስከረም 1825 ጀምሮ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የተሻሻለ ማሽን እያለ የሰውን ዓይን የሚስበው ግን አሁንም ጭስ የሚተፋው አሮጌው ነው። ፈጣኑ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲያልፍ ቀና ብሎ የማያይ ሰው የእንፋሎቱ ሲመጣ ልጁን አዝሎ ከአጥር ሥር ይቆማል። ይህ የአሮጌ ዕቃ ናፍቆት ብቻ ነው ወይስ ከማሽኑ አሠራር የሚመነጭ ምክንያት አለው? ለመመለስ መጀመሪያ ሆዱን ከፍቶ ማየት ይጠይቃል።

የእንፋሎት ሞተር የሚሠራው እንዴት ነው?

አንድ ሊትር ውኃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። በድስት ውስጥ ሲሆን ክዳኑን ያንጫጫና ያመልጣል። ክዳኑ ካልተነሣ ግን መውጫ ያጣው እንፋሎት ግድግዳውን ይገፋል። የማሽኑ ምሥጢር በሙሉ ይህንን ግፊት አንድ መውጫ ብቻ ሰጥቶ፣ በዚያ መውጫ ላይ ሥራ ማስቀመጥ ነው።

መውጫው ሲሊንደር ይባላል፤ ወፍራም የብረት ቧንቧ ነው። በውስጡ ፒስተን የተባለ ልክክ ያለ የብረት ውታፍ አለ። እንፋሎቱ በአንድ በኩል ገብቶ ውታፉን ይገፋዋል። ጫፍ ሲደርስ ቫልቭ የተባለው በር ይገለበጥና እንፋሎቱ በሌላው በኩል ገብቶ መልሶ ይገፋዋል። ውጤቱ ወዲያና ወዲህ የሚል እንቅስቃሴ ነው።

ወዲያና ወዲህ የሚለው እንዴት ጎማ ያሽከረክራል? በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የልብስ ሰፊው እግር ከፍና ዝቅ ከማለት በቀር ሌላ አያደርግም፤ ከመርገጫው ተነሥቶ ከጎማው ጠርዝ ጋር የተያያዘው ዘንግ ግን ያንን ወደ መሽከርከር ይለውጠዋል። በባቡሩም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የልብስ ሰፊውን እግር የተካው ፒስተን መሆኑ ነው።

ቦይለሩ፣ ማለትም ውኃ የሚፈላበት ትልቁ በርሜል፣ ከተለመደው ድስት በአንድ ነገር ይለያል። እሳቱ ከሥሩ ብቻ አይነድም፤ ነበልባሉና ጋዙ ውኃውን ሰንጥቀው በሚያልፉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይጓዛሉ። በ1829 እንግሊዝ ውስጥ ሬይንሂል ላይ በተደረገው የሎኮሞቲቮች (ፉርጎ የሚጎትቱ ሞተሮች) ውድድር ያሸነፈው፣ የጆርጅና የሮበርት ስቲቨንሰን «ሮኬት»፣ እንዲህ ያሉ 25 የመዳብ ቧንቧዎች ነበሩት። ውኃው ብዙ ትኩስ ገጽ ስለሚያገኝ ቶሎ ይፈላል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ከሲሊንደሩ ሲወጣ ዝም ብሎ አይለቀቅም፤ በጠባብ አፍ በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ይተኮሳል። ሲተኮስ ጭሱን ይዞት ይወጣል፣ ጭሱ ሲወጣ ደግሞ ከእሳቱ ሥር አዲስ አየር ይሳባል። ማለትም ማሽኑ የራሱ ወናፍ አለው። ዳገት ላይ ብዙ እንፋሎት ሲፈልግ ወናፉ በርትቶ ይነፋል፣ እሳቱም ይፋፋማል። ሜዳ ላይ ሲዝናና ወናፉም ይዝናናል። ይህን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር የለም፤ አንድ ቧንቧ በትክክለኛው ቦታ መቀመጡ ብቻ ነው።

የፈጠረው ጄምስ ዋት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ዋት በልጅነቱ የማንቆርቆሪያ ክዳን ሲንጫጫ አይቶ ፈጠረው የሚለው ታሪክ ለተማሪ ቤት የሚጣፍጥ ተረት ነው። ጠቃሚ ሥራ የሠራውን የመጀመሪያ የፒስተን ሞተር ያቆመው ቶማስ ኒውኮመን የተባለ እንግሊዛዊ ብረት ነጋዴ ነው። ዓመቱ 1712፣ ሥራው ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውኃ መቅዳት ነበር።

የኒውኮመን ሞተር ዛሬ ከምናስበው በተቃራኒ ነው የሚሠራው። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሶደሬ ሲወርዱ ደጋ ላይ ጠጥተው የከደኑት ባዶ የውኃ ፕላስቲክ መንገድ ላይ ጭርምት ሲል አይተው ያውቁ ይሆናል። ማንም አልጨመቀውም፤ የቆላው አየር ክብደት ነው። ኒውኮመንም ሲሊንደሩን በእንፋሎት ከሞላ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭበታል። እንፋሎቱ ወደ ጠብታነት ሲመለስ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ የውጪው አየር ፒስተኑን ወደ ታች ይደፍቀዋል። ሥራውን የሚሠራው እንፋሎት ሳይሆን አየር ነበር ማለት ነው።

ችግሩ፣ ያው አንድ ሲሊንደር በየምቱ መሞቅና መቀዝቀዝ ነበረበት። ምጣዱን እንጀራ በጋገሩ ቁጥር በውኃ እያቀዘቀዙ እንደገና ማሟሟቅ ነው። በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ የነበረው ዋት የዚህን ሞተር ማስተማሪያ ሞዴል ሲጠግን ብክነቱ አስደነቀው። በ1765 መፍትሔ መጣለት፦ ማቀዝቀዙ በሌላ ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ ሲሊንደሩ እንደጋለ ይቆይ። በ1769 የፈጠራ መብት አገኘበት። ከማቲው ቦልተን ጋር ተሽርኮ ሲሸጠው ክፍያው ደንበኛው ከቆጠበው ማገዶ ዋጋ አንድ ሦስተኛው ነበር። ሞተሩ ምን ያህል ፈረስ እንደሚተካ ለገዢ ለማስረዳት ያወጣው መለኪያም እስከ ዛሬ የመኪና ጉልበት የምንናገርበት «የፈረስ ጉልበት» ነው። የራሱ ስም ደግሞ በየቤቱ አምፖል ላይ «ዋት» ተብሎ ተጽፏል።

ሀዲድ ላይ የወጣው ግን የዋት ሞተር አልነበረም። ዋት ከፍተኛ ግፊትን ይፈራ ነበር፤ ኋላ እንደምናየው ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ያልፈራው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሪቻርድ ትሬቪቲክ በየካቲት 1804 ዌልስ ውስጥ በሠራው ሞተር 10 ቶን ብረትና 70 ሰው ያህል ጭኖ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ጎተተ። አራት ሰዓት ያህል ፈጀበት። ከሞተሩ ክብደት የተነሣ የሀዲዱ ብረት ይሰባበር ነበር።

ከዛሬው ሞተር ጋር ሲወዳደርስ?

ይሸነፋል፣ በሰፊው ይሸነፋል። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ምድጃ ውስጥ የ100 ብር ከሰል ብንጨምር ባቡሩን ለመጎተት የሚውለው ከ5 እስከ 8 ብሩ ነው። ቀሪው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ ሰማይ ያሞቃል። የዘመኑ የናፍጣ ሞተር ከ100 ብር ነዳጅ 35 እና ከዚያ በላይ ይመልሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከደረሰው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ወደ ጎማው ያስተላልፋል።

ድካሙም አይነጻጸርም። ቀዝቃዛ ቦይለር ለሥራ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጠዋት ለሚነሣ ባቡር እሳቱ ሌሊት ይለኮሳል። ማታ አመዱ ይጠረጋል። በየጊዜው ቦይለሩ ተከፍቶ ከውኃው የቀረው ዝቃጭ (ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ዓይነት) ይታጠባል። በጉዞ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ ነጂውና እሳት አንዳጁ። ውኃማ ጥሙ ለብቻው ነው። በ1928 «ፍላይንግ ስኮትስማን» የተባለው የለንደንና የኤደንብራ ባቡር 632 ኪሎ ሜትሩን ሳይቆም እንዲጓዝ ሲታሰብ ውኃውን በሀዲዱ መካከል ከተዘረጋ ረጅም ገንዳ እየሮጠ ያፍስ ነበር። ሠራተኞቹ ደግሞ ሙሉውን መንገድ አካፋ መጨበጥ ስለማይችሉ በከሰልና በውኃ መጫኛው ጎን ጠባብ መተላለፊያ ተበጅቶ ሁለተኛው ቡድን ከተሳፋሪ ፉርጎ እየመጣ ይተካቸዋል። የናፍጣው ነጂ ይህን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም።

ስለዚህ ለውጡ ሲመጣ ጨካኝ ነበር። የብሪታንያ ምድር ባቡር የመጨረሻውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ «ኢቭኒንግ ስታር» ብሎ የሠራው በ1960 ነው። በ1965 ከሥራ ወጣ፤ ለአሥርታት እንዲሠራ የተገጣጠመ ማሽን አምስት ዓመት ብቻ አገለገለ። በነሐሴ 1968 በዋናው መስመር ላይ መደበኛው የእንፋሎት አገልግሎት አከተመ። የእኛው የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመርም፣ በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ ናፍጣ ዞሯል።

እንግዲያውስ ሰዎች የሚወዱለት ምኑን ነው?

ሥራውን አለመደበቁን ይመስለኛል።

የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ከውጭ ሲታይ ሣጥን ነው። ውስጡ የሚካሄደው ነገር ዓይን አያየውም፤ ኤሌክትሪክ ቀለም የለውም፣ የሶፍትዌር መስመር አይንቀሳቀስም። የእንፋሎቱ ማሽን ግን አንጀቱ ውጪ ነው። ፒስተኑ ሲገፋ ዘንጉ ሲወረወር ይታያል፣ ዘንጉ ሲወረወር ጎማው ሲዞር ይታያል፣ የተጠቀመበት እንፋሎት ወዴት እንደሄደ ከራስ በላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። የስምንት ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ ቆሞ ቢመለከት ምን ምንን እንደሚያንቀሳቅስ ይናገራል። መሐንዲስ ሳይሆኑ ሊገቡን የሚችሉ ትልልቅ ማሽኖች ጥቂት ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው።

ድምፁም መረጃ ነው። ቹፍ ቹፍ የሚለው ጌጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቹፍታ አንድ የሲሊንደር ጎን እንፋሎቱን የተፋበት ቅጽበት ነው። ነጂው ሸክሙ መክበዱን፣ ጎማው መንሸራተቱን፣ አንዱ ቫልቭ ከልኩ መዛነፉን በጆሮው ያውቃል።

አፍንጫም ሥራ ነበረው። በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ ዛሬ ያልተሰበረውን የእንፋሎት ክብረ ወሰን ያስመዘገበው «ማላርድ» ከተባለው ሎኮሞቲቭ ቤተሰብ አንድ ዘዴ ልጥቀስ። መካከለኛው ሲሊንደር የተሸሸገው ከሞተሩ ሆድ ሥር ስለሆነ ዘንጉ የሚታሰርበት መጋጠሚያ ቢግል ነጂው አያየውም። መሐንዲሶቹ እዚያ ውስጥ የአኒስ ሽታ የያዘ ትንሽ ብልቃጥ ቀበሩበት፤ ኡዞ የሚሸተውን ማለት ነው። ብረቱ ከልክ በላይ ሲግል ብልቃጡ ይፈነዳል፣ ነጂው ክፍል ኡዞ ኡዞ ይሸታል፣ ባቡሩ ይቆማል። ዛሬ ይህን ሥራ የሙቀት መለኪያ ሽቦና ቀይ መብራት ይሠሩታል፤ በእርግጥም ከብልቃጥ ይበልጣሉ። ግን ብልቃጡን የሰማ ሰው አይረሳውም።

ሌላው ማሽኑ ሰው መፈለጉ ነው። እሳት አንዳጅ የሚሠራው ለአሁን አይደለም፤ ከሰል ጨምሮ ግፊቱ እስኪነሣ ደቂቃዎች ስለሚወስድ ዳገቱ ከመምጣቱ በፊት ማንደድ አለበት። ቀድሞ ከጨመረ ትርፉ እንፋሎት በደኅንነት ቫልቩ እያፏጨ ይባክናል፤ ከዘገየ ባቡሩ ዳገቱ ወገብ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። መንገዱን በቃሉ ማወቅ አለበት። በዚያ ላይ የዛሬው ከሰል ካለፈው ሳምንቱ ይለያል፣ ዝናብ ሀዲዱን ያንሸራትታል፣ ነፋስ ጭሱን ይመልሳል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ሳምንት የወጡ ሁለት ሎኮሞቲቮች እንኳ ጠባያቸው አንድ አይሆንም ይላሉ ነጂዎቹ። ጥሩ ቡና አፍይ የጀበናዋን ጠባይ እንደምታውቀው መሆኑ ነው፦ ገንፍሎ ሳይፈስ፣ ሳይቀዘቅዝም።

አዲሱ ማሽን ይህን ሁሉ ሸክም ከሰው ላይ አንሥቷል። ውለታው ትልቅ ነው፤ ቅሬታውም የሚነሣው ከዚያው ነው። መኪናዎ ሞተር ላይ ቢጫ መብራት ሲበራ መካኒኩ ጆሮውን አያስጠጋም፤ ኮምፒውተር ይሰካል። የቀድሞዎቹ የላዳ ታክሲ ነጂዎች ግን ኮፈኑን ከፍተው በካቻቪቴና በሽቦ ቁራጭ መንገድ ዳር ይጠግኑ ነበር። ላዳ ከዛሬዎቹ መኪኖች የተሻለ ነበር የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። «ይገባኝ ነበር» የሚል ግን ሞልቷል።

«የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነበር» የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ የዓይን ማታለል ነው። ዛሬ በሙዚየም የምናያቸው የተረፉት ናቸው፤ ያልተረፉትን አናያቸውም። ማላርድ ራሱ ክብረ ወሰኑን በሰበረበት ዕለት ያው መካከለኛው መጋጠሚያው ግሎ ተበላሽቶ ጉዞውን ሳይጨርስ እያዘገመ ፒተርቦሮ ላይ ቆሟል።

ብልሽቱ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። ግፊት የተሸከመ ቦይለር ሲቀደድ በውስጡ ያለው የጋለ ውኃ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ይህ ቦምብ ነው። በሚያዝያ 1865 «ሱልታና» የተባለች የእንፋሎት መርከብ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ሜምፊስ አጠገብ ቦይለሮቿ ፈንድተው ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምርኮ ተፈትተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወታደሮች ነበሩ። በ1905 በማሳቹሴትስ ግዛት ብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰው ገደለ። አሜሪካ ቦይለር እንዴት እንደሚሠራና እንደሚመረመር የሚደነግግ ዝርዝር ደንብ ያወጣችው ከዚህ ዓይነቱ አደጋ በኋላ ነው። ዛሬ በየሆቴሉና በየሆስፒታሉ ምድር ቤት ያለው ቦይለር ማንም የማያስበው አሰልቺ ዕቃ የሆነው በእነዚያ ሰዎች ሞት ምክንያት ነው።

አሮጌዎቹም ቢሆኑ መከላከያ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ከምድጃው ጣራ ላይ ልቡ እርሳስ የሆነ ብሎን ይታሰራል። ውኃው ከልክ በታች ሲወርድ ብሎኑን የሚያቀዘቅዘው ስለሌለ እርሳሱ ይቀልጣል፣ በቀዳዳው የወጣው እንፋሎት እሳቱ ላይ ይረጫል፣ ሠራተኞቹም ይነቃሉ። ብልሃቱ እዚህም እንደ ወናፉ ነው፦ አደጋው ራሱ ማስጠንቀቂያውን ያስነሣል።

መጠገን መቻሉስ?

ይህኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ምስክሩም ሩቅ አይደለም። ጣልያኖች በ1887 ከምፅዋ ጀምረው በ1911 አሥመራ ያደረሱት ባቡር ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በ1970ዎቹ በጦርነቱ ቆመ፤ ሀዲዱ ተነቅሎ ምሽግ ተሠራበት። በ1990ዎቹ ኤርትራ መስመሩን እንደገና ስታነሣ ጥሪ የተደረገላቸው ጡረታ የወጡት የድሮ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎች። ሀዲዱን ከየምሽጉ ሰበሰቡ። በ1938 ጄኖቫ ላይ በአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በአሥመራው የጥገና ቤት ፈትተው፣ የጎደለውን ቀጥቅጠውና አቅልጠው አስነሷቸው። በ2003 ባቡሩ እንደገና አሥመራ ገባ። ሃያ ዓመት ሜዳ ላይ የተጣለ፣ ኮምፒውተሩ የሞተ ዘመናዊ ሎኮሞቲቭን በዚህ መንገድ ማስነሣት የሚቻል አይመስለኝም። የእንፋሎቱ መለዋወጫ የሚገኘው ከብረት፣ ከእሳትና ከሚያውቅ እጅ ነው።

ግን «የሚያውቅ እጅ» የሚለው ላይ ቆም እንበል። እንግሊዝ አገር «ቶርኔዶ» የተባለውን አዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ለመሥራት የወሰኑ ሰዎች ያጋጠማቸው ይህ ነው። የዚያ ዓይነት 49 ሎኮሞቲቮች ነበሩ፤ አንዱም ሳይቀር ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጧል። በ1990 ተሰባስበው፣ እንደ እድር ወርኃዊ መዋጮ እየከፈሉ፣ «በሳምንት የአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ» በሚል ጥሪ ገንዘብ አሰባስበው በ2008 ጨረሱት። ወደ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ባቡርን ለዓለም የሰጠች አገር እንዲህ ያለ ትልቅ ቦይለር የሚሠራ ፋብሪካ ስላልቀረላት ቦይለሩ የተሠራው ጀርመን፣ ማይኒንገን ከተማ ነው። ሎኮሞቲቩ በዋናው መስመር ላይ እንዲሄድ ደግሞ እንደ አውሮፕላን ጥቁር ሣጥን ያለ የጉዞ መመዝገቢያና የኤሌክትሮኒክስ ማቆሚያ ተገጠመለት። በ2017 በሙከራ በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር ሮጠ። በቀጣዩ ዓመት ተሳፋሪ ጭኖ ሲሮጥ የውስጥ ዘንጎቹ ተሰባብረው መንገድ ላይ ቀረ።

ዛሬ የመጠገን ጥያቄ ከባቡር ናፍቆት አልፎ ወደ ሕግ ገብቷል። በአሜሪካ ገበሬዎች የገዙትን ትራክተር ያለ አምራቹ ሶፍትዌር መጠገን አልቻልንም ብለው ሲከራከሩ ቆይተው በ2023 የኮሎራዶ ግዛት አምራቾች የጥገና መሣሪያና መረጃ ለባለቤቱ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች።

ታዲያ እንፋሎት ሞቷል ማለት ነው?

ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልሞተም። በ1884 ቻርልስ ፓርሰንስ ፒስተኑን አስወጥቶ እንፋሎቱ በቀጥታ ክንፍ ያለው ጎማ እንዲያሽከረክር አደረገ፤ ይህ ተርባይን ነው። ዛሬ ዓለም ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ አብዛኛው የሚመነጨው እንፋሎት ተርባይን ሲያዞር ነው። የኒውክሌር ጣቢያ እንኳ ሲጠቃለል ውኃ ማፍያ ነው፤ ልዩነቱ ማገዶው ዩራኒየም መሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከግድብ ስለምታገኝ በዚህ ረገድ ከብዙ አገር ትለያለች። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡርም በውኃ ነው የሚሄደው ማለት ይቻላል፤ የድሮው በፈላ ውኃ፣ የአሁኑ ከከፍታ በሚወርድ ውኃ። እንፋሎቱ ግን እኛም ዘንድ አለ። በ2018 የተመረቀው የረጲ ጣቢያ የተሠራው የአዲስ አበባን ቆሻሻ አንድዶ ውኃ እንዲያፈላ፣ እንፋሎቱም ተርባይን እንዲያዞር ነው። በአሉቶ ላንጋኖ ምድር ራሷ ታፈላዋለች። የስኳር ፋብሪካዎቻችን የተጨመቀውን የሸንኮራ አገዳ ገለባ አንድደው በሚያገኙት እንፋሎት ይሠራሉ። ማኪያቶው ላይ ወተቱን የሚያስነሣውም ያው ነው፤ እዚያ ቢያንስ ሲያፏጭ ይሰማል።

ብሪታንያ በመስከረም 2024 የመጨረሻዋን በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ዘግታለች። የጉብኝት ባቡሮቿ ግን አሁንም ከሰል ይፈልጋሉ፤ ከከርሰ ምድሯ ከሰል የሞላት አገር ለእነርሱ ከውጭ እያስገባች ነው።

የት ይታያል? ሲታይስ ምን ይጠበቅ?

ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የሚባል መስመር አለ፤ በ1951 በጎ ፈቃደኞች ከመዘጋት ያዳኑት፣ በዓለም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የመጀመሪያው ነው። ሕንድ ውስጥ የዳርጂሊንግ ባቡር በ61 ሳንቲ ሜትር ሀዲድ ወደ ሂማሊያ ይወጣል፤ በ1881 ተከፍቶ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ዕድለኞች ናቸው፦ «ቢግ ቦይ» ቁጥር 4014፣ ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ክብደቱ ከእነ ውኃና ነዳጅ መጫኛው ከ500 ቶን በላይ የሆነው ግዙፍ፣ በ2019 ከጡረታ ተመልሶ አልፎ አልፎ ይወጣል። ከሰሉን ግን ትቶ ዘይት ያነዳል።

ሲሄዱ ከሩቅ ፎቶ ብቻ አያንሡ። ከጣቢያ ሲነሣ ከጎማው ጎን ይቁሙ፤ አንድ ዘንግ ላይ ዓይንዎን ተክለው ጎማው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ቹፍታውን ይቁጠሩ። አራት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሲሊንደር አለው፣ በግራና በቀኝ፤ እያንዳንዱ በሁለቱም ጫፉ ይተፋል። ስድስት ከቆጠሩ፣ ማላርድም በባቡሩ ስም የተጠራው ሎኮሞቲቭ ፍላይንግ ስኮትስማንም እንዲሁ ናቸው፣ ሦስተኛው ከሆዱ ሥር ተደብቋል።